አያ ፈንታሁንና የጾም ሰጋቱራ

አያ ፈንታሁን ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ የድሮ ጎረቤቴ ይርገዱ ናት። ደጀን መናኸሪያ አጠገብ መንገድ ላቋርጥ ቆሜ፣ አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እየለቀቀብኝ፣ «ምን ሆነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ልባቸው ነው አሉ።»

«ሳምባቸው አይደለም?»

«ኧረ ልባቸው ነው! ምን ያከራክርሃል?»

መከራከሬ አልነበረም። ሰባት ዓመት ሙሉ እሳቸው ግቢ ተከራይቼ ስኖር፣ እኒህን ሰውዬ አንድ ቀን የእንጨት ብናኝ ይገድላቸዋል፣ እግረ መንገዱን እኔንም ይጨምረኛል ብዬ ስሰጋ ነው የኖርኩት። ልባቸው መሆኑን ስሰማ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እዚያው አስፋልት ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ሾፌሩ መኪናው የነካኝ መስሎት ደንግጦ ወረደ።

አያ ፈንታሁን ደብረ ማርቆስ ውስጥ አናጺ ነበሩ። በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን፣ ለካህናት መቋሚያ ይሠራሉ። የተወለዱት ደብረ ኤልያስ አካባቢ ነው። በልጅነታቸው ዜማ ሊማሩ የቆሎ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር፤ ድምፃቸው ግን በደረቅ ሳንቃ ላይ የሚጎተት መጋዝ ነው የሚመስለው። እንደሚያወሩት፣ የኔታ ሦስት ዓመት ከታገሱ በኋላ ጠርተው፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔርን በእጅህ አገልግለው፤ በድምፅህ አታስቸግረው» አሏቸው። በዚያው አናጺ ሆኑ። ዜማውን ግን አልተዉትም። ጣውላ ባነሱ ቁጥር ያዜማሉ፣ በቆረጡ ቁጥር ያዜማሉ፣ ካላዜሙ ያወራሉ። የመጣብን መከራ ሁሉ ምንጩ ይኼ ነው።

ሜትሮ ከቀበቷቸው ተንጠልጥሎ ሳለ የሚለኩት በስንዝር ነበር። ሳንቃ ሊገዙ ሲሄዱ ደግሞ በጣታቸው ያንኳኩትና ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ፣ ሻጩ አሾፈባቸውና «አያ፣ ምን አለዎት?» ቢላቸው፣ «ደርቋል የሚልህን አትመነው፣ ገና እርጥብ ነኝ አለኝ» ብለው ከዋጋው አስቀንሰው ገዙ። «ሰው በምላሱ፣ እንጨት በስንጥቁ ይታወቃል» ማለት ይወዱ ነበር። ይህን ሲሉ የራሳቸውን ምላስ እንዴት እንደሚረሱት ይገርመኛል።

መሥሪያቸው ከመኖሪያ ቤታቸው ጎን በቆርቆሮ የተከለለች አንድ ክፍል ናት። የእኔ ክፍል ፊት ለፊቷ ነው። በመሀላችን ያለው እኔ ሸሚዝ የማሰጣበት ገመድ ብቻ ነበር። በመጋዝና በመላጊያ ሲሠሩ በሰላም ኖርን። ከዚያ አዲስ አበባ ያለው የእህታቸው ልጅ፣ ጣውላ በፈለጉት ማዕዘን የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኖ ላከላቸው። ትክክለኛ ስሙ ማይተር ነው፤ እሳቸው ግን «ጯሂው» አሉት፤ እኛም ጯሂው አልነው።

ጯሂው ጉድ ነበር። ክቡ ምላጭ እየጮኸ ይወርድና የበር ክፈፍ በአንድ ትንፋሽ በአርባ አምስት ዲግሪ ይቆርጣል። በዚያችው አንድ ትንፋሽ አንድ እፍኝ ሰጋቱራ አየር ላይ ይበትናል። ከኋላው ባለችው ቀዳዳ ብናኙን የምትሰበስብ ከረጢት አብራ መጥታ ነበር፤ ግን የሕፃን ካልሲ ነው የምታህለው። በሳምንቱ እትየ የሺ፣ ባለቤታቸው፣ ነጭ ሽንኩርት አኖሩባት።

ከዚያ ወዲያ ሰጋቱራ የማይገባበት ቦታ ጠፋ። ሸሚዜን ለብሼ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ፣ «ቲቸር፣ ወፍጮ ቤት ነበሩ?» ይሉኛል። ወጤ ውስጥ፣ አልጋዬ ውስጥ፣ የፈተና ወረቀት መሀል አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ሄጄ፣ «አያ፣ ይኼ ነገር ለጤናም ጥሩ አይደለም» አልኳቸው።

«ሰጋቱራ ንጹሕ ነው መምህር። እንጨት ነው። አንተ ቀኑን ሙሉ የምትቅመው ጠመኔ ነው ቆሻሻ» አሉኝና ሳል ጀመራቸው። ስለው ሲጨርሱ፣ «የጉሮሮ ነው» አሉ። ሸሚዜን እያራገፍኩ ወጣሁ።

እንግዲህ እትየ የሺን ላስተዋውቅ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ንጽሕና የሚወዱ፣ ከሁሉ በላይ የሰው ዓይን የሚፈሩ ሴት ነበሩ። ከአያ ፈንታሁን ጋር በሰማንያ ተጋብተው ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። የእትየ የሺ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ከባላቸው ጋር ቆርቦ፣ ጋብቻቸው በሥጋ ወደሙ ታትሞ መሞት። ይህ ደግሞ ባልና ሚስት አንድ ላይ ካልተቀበሉ አይሆንም። አያ ፈንታሁን እምቢ አላሉም፤ ግን ዓመት ዓመትን እየወለደ፣ «የቆረበ ሰው አፉን ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ አፌን አላምነውም» እያሉ ገፉት። በመጨረሻ በአንድ ፍልሰታ ተስማሙ። ንስሐ ገቡ፣ ቀን ተቆረጠ።

የተቆረጠው ቀን ጠዋት፣ መብራት መጣ። በክረምት የደብረ ማርቆስ መብራት እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ካልተቀበሉት ይሄዳል። አያ ፈንታሁን «አንዲት ክፈፍ ብቻ» ብለው ጯሂውን አስነሱ። እንደ ልማዳቸው እያዜሙ ቆረጡ። ረጅም ዜማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ለመቁረብ ተሰልፈው፣ ተራቸው ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀር፣ የንስሐ አባታቸው አባ ሞላ አጠገባቸው ደረሱ። አያ ፈንታሁን ብዙ ጉድለት አለባቸው፤ ውሸት ግን አያውቁም። የኔታ ባባረሩት በዚያ ድምፃቸው፣

«ይፍቱኝ አባ። ዛሬ ዋንዛ በላሁ» አሉ።

የዋንዛ ፍሬ ይበላል፤ አባ ሞላም ስለሚያውቁ ግራ ገባቸው። «በዚህ ክረምት ከየት አገኘኸው?»

«ፍሬውን አይደለም አባ። ሳንቃውን።»

ሳቁ ከሰልፉ ተነሥቶ እስከ ሴቶች በር ደረሰ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ጥላ የያዘው ዲያቆን ከንፈሩን ነከሰ። አባ ሞላ ብቻ አልሳቁም። «ሂድ፣ ዛሬ አይሆንም» አሏቸው። ለአያ ፈንታሁን ካልሆነ ለእትየ የሺም አልሆነም። አያ ፈንታሁን ግን እዚያው ቆመው ክርክር ጀመሩ።

«አባ፣ ሰጋቱራ ጥሉላት ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያ የጾም ነው።»

«የጾም ምግብ ነው አልኩህ? ምግብም አይደለም።»

«ምግብ ካልሆነማ አልበላሁም ማለት ነው!»

«ዝንብስ ምግብ ናት? ዝንብ አፉ የገባ ሰው ይቆርባል?»

«አይቆርብም።»

«ታዲያ?»

«ዝንብ እኮ ሥጋ አላት አባ!»

አባ ሞላም በዚህ ጊዜ ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ተነቃነቀ። እትየ የሺ ግን የሉም ነበር። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ በጭቃው መሀል ብቻቸውን ቤታቸው ገብተዋል። ከተማው ለባላቸው «ዋንዛ በል» የሚል ስም አወጣላቸው። አያ ፈንታሁን ሲጠሯቸው «አቤት» ይላሉ፤ ግድ የላቸውም። እትየ የሺ ግን አንድ ወር ሙሉ ገበያ አልወጡም። ጨውና በርበሬ የምገዛላቸው እኔ ነበርኩ። የሆነ ሰው ሲስቅ በሰሙ ቁጥር ወደ ጓዳ ይገባሉ።

በወሩ ከጓዳ ወጡ። በእጃቸው የመነኩሲት ቢጫ ቆብ ይዘዋል። መሥሪያ ክፍሏ ገብተው፣ ከጯሂው በላይ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

«የዛሬ ዓመት በፍልሰታ እንቆርባለን» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አሁንም ሳንቃ ከበላህ፣ ይቺን ደፍቼ ገዳም እገባለሁ። አንተ ከማሽንህ ጋር ትኖራለህ።»

እትየ የሺ የተናገሩትን የሚያደርጉ ሴት መሆናቸውን ግቢው ሁሉ ያውቃል። በነጋታው ቀድመው በሬን ያንኳኩት አያ ፈንታሁን ነበሩ። ያን ያህል ጊዜ ስኖር ክፍሌ ገብተው አያውቁም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እርሳሳቸውን ከጆሯቸው እያወጡ መልሰው ይሰኩ ጀመር።

«መምህር፣ አንተ ፊዚክስ ነው የምታስተምረው አይደል?»

«አዎ።»

«በል፣ የሺን አስቀርልኝ።»

እንዲህ ሆነና የእኔም ዓመት በሰጋቱራ አለቀ።

መጀመሪያ በኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ ሰጠኋቸው። ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ለማዜም ወደ አገጫቸው ያወርዱታል። በአፍንጫ ብቻ እንዲተነፍሱ መከርኳቸው፤ ምክሬን እየሰሙ ሳለ የእንጨት አፈጣጠር ያስረዱኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ እሳቸው ራሳቸው ዘዴ አመጡ። «እኔ የባላገር ልጅ ነኝ» አሉ። «ጤፍ አውድማ ላይ ለነፋስ ሲዘራ ገለባ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም። ለነፋሱ ጀርባህን ትሰጠዋለህ፤ አለቀ።» ጯሂውን ወደ ውጭ አወጣነውና ለነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። እውነትም ብናኙ አንድም ሳይቀር ወደ ፊት ነጎደ። ሁለት ሳምንት በደስታ ሰከርን። በሦስተኛው ሳምንት ይርገዱ አጥር ላይ ብቅ አለች። ይርገዱ ጠላ ነው የምትሸጥ፤ ጋኖቿ ከአጥሩ ወዲያ ናቸው።

«አያ ፈንታሁን! ጠጪዎቼ ጌሾ አብዝተሻል ይሉኛል፤ እኔ ጌሾ አላበዛሁም!»

አያ ፈንታሁን ሄደው ቀመሱት። ወዲያው ዋንዛ መሆኑን አወቁ። ጥፋታቸውን አምነው ለስድስቱም ጋን ከጽድ እንጨት ክዳን ሠሩላት። ክዳኑን ሲቆርጡ የተነሣው ሰጋቱራ ግን ሰባተኛው ጋን ውስጥ ገባ፤ ሰባተኛ ጋን መኖሩን ማንም አልነገራቸውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የማዳበሪያ ጆንያ ከጯሂው ቀዳዳ ላይ አሰርን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁርጦች ላይ ጆንያው ተነፍቶ እንደ ሰባ በሬ ቆመ። አያ ፈንታሁን «አየኸው? ገባ! ገባ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። በአራተኛው ተተረተረ። ፊቱ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። የዚያን ቀን የማስተምረው ትምህርት ስለ ግፊት ነበር፤ ተማሪዎቹ በደንብ ገባቸው።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ወደ ክፍሏ መለሰን። ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ወር አልቀረም። የሚያስቸግረው ደግሞ፣ ለቤተ ልሔሙ፣ የቁርባኑ ኅብስት ለሚጋገርበት ቤት፣ አዲስ በር ሠርተው ከጾሙ ፍጻሜ በፊት ሊያስረክቡ ቃል ገብተዋል። ሥራ አይቆምም ማለት ነው። ማታ ማታ መብራት የለም፤ ያለው ጠዋት ነው፤ ጠዋት ደግሞ ጾም ነው።

ያኔ ነው እኔም በቁም ነገር ማሰብ የጀመርኩት። አንድ ቅዳሜ ወንበር ይዤ ጥግ ተቀመጥኩና፣ መሥራት ትቼ ብናኙን ብቻ አየሁ። አንድ ነገር ገባኝ። ምላጩ ስለሚሽከረከር ሰጋቱራው ሁሉ የሚወረወረው ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው ነው። አፋቸው የሚገባው ከምላጩ አይደለም፤ ከግድግዳው ተጋጭቶ ሲመለስ ነው። ግድግዳው ጋ ሳይደርስ መያዝ አለበት። ይህን ስነግራቸው፣ «በአንድ ዓመት ይኼን ብቻ አወቅህ?» አሉኝ፤ ግን ወዲያው ተነሥተው በርሜል ፍለጋ ወጡ።

በርሜሉን ለሁለት ሰንጥቀን ግማሹን ከጯሂው ኋላ አቆምነው፤ ሆዱ ወደ ምላጩ፣ ታቹ ጆንያ ውስጥ። ከአንድ ሆቴል ምንጣፍ ሲቀየር የተጣለ አሮጌ ቫኪዩም ገዛን። የቫኪዩሙ ቱቦ ለጯሂው ቀዳዳ ስለሰፋበት፣ በመሀል የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ አስገብቼ በሽቦ አሰርኩት። ይህ ላስቲክ የእኔ ፈጠራ ነው፤ ኮርቼበት ነበር።

ተቆጣጣሪያችን እትየ የሺ ነበሩ። ነጭ ሳህን አያ ፈንታሁን በሚቆሙበት በኩል ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ዐሥር ጣውላ ይቆረጣል፤ ከዚያ በጣታቸው ሳህኑን ይጠርጋሉ። በመጀመሪያው ቀን ሳህኑ ሽሮ የተነፋበት መሰለ። እሳቸውም ወደ ቆቡ ቀና ብለው አዩ። በርሜሉን አስጠጋን፣ ክፍተቱን በጨርቅ ደፈንን፣ ወለሉን ውኃ ረጨን፤ አያ ፈንታሁንም ምላጩን በቀስታ ማውረድ ተማሩ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ እትየ የሺ ጣታቸውን አዩት፣ ገልብጠው አዩት፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። አያ ፈንታሁን «የሺ ትሙት፣ ከመሶቧ ይነጻል!» ብለው ሳህኑን ሳሙት።

የቀረው አፋቸው ነበር። እሱን እትየ የሺ መድኃኒት ቤት ሄደው ፈቱት። ሰፊ የቁስል ፕላስተር ገዝተው መጡ።

ፍልሰታ ገባ። በየጠዋቱ አያ ፈንታሁን አፋቸው በፕላስተር ታሽጎ ይቆርጣሉ። ዜማውን በአፍንጫቸው ለመቀጠል ሞከሩ፤ በሦስተኛው ቀን ተዉት። ግቢው ጭር ሲል ይርገዱ በአጥር አንገቷን አውጥታ፣ «አያ ታመዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሲሳለቁባቸው የነበሩት ሁሉ አሁን ቀን መቁጠር ጀመሩ። ዐሥራ ሦስት ቀን አለፈ። ሸሚዞቼም ነጭ ሆኑ።

የተቆረጠው ቀን ዐሥራ አራተኛው ነበር። የዚያን ዕለት ጯሂው እንዳይነካ እትየ የሺ ገመዱን ነቅለው አስቀምጠውታል። ረፋዱ ላይ ግን አንድ ዲያቆን እየሮጠ መጣ። ትናንት የገጠሙት የቤተ ልሔሙ በር በዝናቡ አብጦ አልዘጋ ብሏል፤ ሦስቱን ክፈፎች በሌላ ልክ ቆርጦ መቀየር ያስፈልጋል፤ ኅብስቱ የሚጋገርበት ቤት ደጃፉ ተከፍቶ ውሻ እየገባ ነው። አያ ፈንታሁን ወደ ሚስታቸው ዞሩ። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ፕላስተር እንኳ አልተለጠፈባቸውም ነበር።

እትየ የሺ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «የሥጋ ወደሙ ቤት በር ነው፤ እንዴት እምቢ ይባላል?» አሉ። ገመዱን አመጡ። ፕላስተሩንም ራሳቸው ለጠፉላቸው። «ቱቦውን እኔ እይዝልሃለሁ» ብለው ከጯሂው ጎን ቆሙ። ዓመት ሙሉ ያንን ማሽን በክፉ ዓይን ሲያዩት የኖሩ ሴት፣ የእኔን ላስቲክ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሲቆሙ፣ አያ ፈንታሁን በፕላስተሩ ውስጥ ፈገግ ማለታቸው በጉንጫቸው ያስታውቅ ነበር።

አንደኛው ክፈፍ በሰላም ተቆረጠ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ላይ ምላጩ ግማሽ ሲደርስ ሽቦው ላላና ላስቲኩ ሾልኮ ወጣ። ሰጋቱራው በጎን ቡን አለ። በዚያው ቅጽበት የአያ ፈንታሁን ፕላስተር ጫፉ በላብ ተነሥቶ ነበርና እትየ የሺ፣

«አፍህን ዝጋ!» ብለው በኃይላቸው ጮኹ።

ጯሂው ጠፋ። ብናኙ ቀስ እያለ ወረደ። አያ ፈንታሁን ፕላስተራቸውን ላጥ አድርገው ሚስታቸውን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩአቸው። እትየ የሺ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ደግሞ ላስቲኬን ነበር የማየው። ሽቦውን አንድ ዙር ብጨምርለት ምን ነበር እያልኩ እራገም ነበር።

«ደህና ናችሁ?» አልኩ።

«ደህና ነን» አሉ አያ ፈንታሁን። እትየ የሺ ገመዱን ነቀሉ። ክፈፎቹ ተላኩ፣ ነጭ ተለበሰ፣ ሦስታችንም ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

ያን ቀን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ሰው የበዛ መስሎኛል። ባለፈው የሳቁት ሴቶች ሁሉ ከፊት ናቸው። ሰልፉ ቀስ እያለ ሄደ። እትየ የሺ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ይዘው፣ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ያያሉ። አባ ሞላ ሲጠጉ ነጠላውን ለቀቁትና አፋቸውን ከፈት አደረጉ። አያ ፈንታሁን በዚያ ጊዜ ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጡ።

«ይፍቱኝ አባ!» አሉ፤ ጓሮ ያለ ሰው እንኳ ይሰማቸዋል። «ዘንድሮም በላሁ!»

ሳቁ ከአምናው በለጠ። አንዲት ሴትዮ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። አባ ሞላ የፕላስተሩ ምልክት ገና ከጉንጫቸው ያልጠፋውን ሰው እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። አንተ አፍህን አሽገህ በምን አስገባኸው?»

«በአፍንጫዬ ሳይሆን አይቀርም አባ። ሰፊ ነው፤ ይዩት።»

ባልና ሚስቱ ተመለሱ። እትየ የሺ በመንገድ ሙሉ አለቀሱ። እኔም ከኋላቸው እየሄድኩ፣ በቃ፣ አለቀ፣ እኒህ ሴትዮ ነገ ቆቡን ደፍተው ይሄዳሉ፤ ያፈረሰው ደግሞ የእኔ ላስቲክ ነው አልኩ። ማታውን ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ አያ ፈንታሁን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አያ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽቦውን አላጠበቅኩትም።»

«ቱቦህ ደህና ነው መምህር። ሂድና ተኛ» አሉኝ። ለማጽናናት የተናገሩት መሰለኝ።

እትየ የሺ ግን አልሄዱም። በሁለተኛው ቀን ቆቡን ከሚስማሩ አውርደው ለአንዲት አሮጌ መነኩሲት ሰጡት። ማንም ምክንያቱን አላወቀም። ይርገዱ «ተስፋ ቆርጠው ነው» አለች፤ እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም። አያ ፈንታሁን በየጠዋቱ መሥሪያቸው ውስጥ ስግደት ጀመሩ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ አንድ፣ ሁለት እያሉ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ ግንባራቸው ላይ ሰጋቱራ ተለጥፎ ይነሣሉ። ዋንዛ የበሉበት ቅጣት ነው ብለን አሾፍን። ሲሰግዱ ማየቱ አሳዝኖኝ እንኳ መሾፌን አልተውኩም።

አዲሱ ዓመት ገብቶ ለኅዳር ጽዮን ቆረቡ። አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ መሥሪያ ክፍሏ ተቆልፋ ቁልፉ እኔ ኪስ ነበር። አያ ፈንታሁን ሊወስዱት ሦስት ጊዜ መጡብኝ፤ አልሰጠኋቸውም። ከቁርባን ሲመለሱ እንደ ሙሽራ ጎን ለጎን፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ነው የገቡት። አያ ፈንታሁንን ሙሉ ቀን ዝም ብለው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ እኔ ወደ ደጀን ተዛወርኩ።

የሞቱ ጊዜ ለሠልስት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው፣ ለቅሶውን ትቶ፣ የዋንዛውን ወሬ አንዱ ከአንዱ እየተቀበለ ያወራል። የመጀመሪያውን፣ የሁለተኛውን፣ «በአፍንጫዬ ነው አባ» ያሉትን። የማይስቅ አልነበረም፤ አባ ሞላም ሽበታቸው ጨምሮ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ይስቃሉ። እትየ የሺ ብቻ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ስቀመጥ ክንዴን ያዙኝ።

«መምህር፣ ያን ጊዜ የበላሁት እኮ እኔ ነኝ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ሰጋቱራውን። አፍህን ዝጋ ብዬ ስጮህ የእኔን መዝጋት ረሳሁት። ጉሮሮዬ ድረስ ገባ።»

«ታዲያ እሳቸው?»

«እሱማ ምን በላ? እንደታሸገ ነበር። ግን አይቶኛል። ቤተ ክርስቲያን ድረስ ልንገራቸው፣ አልንገራቸው ስል ሄድኩ። በፊት የሳቁብን ሴቶች ፊቴ ቆመዋል። ጨክኜ ልናገር አፌን ስከፍት፣ ቀደመኝ።»

«ስግደቱስ?»

«የውሸቱ ነዋ! በነጋታው ሁለታችንም ለአባ ተናዘዝን። ለእኔ ዝም ስላልኩ ትንሽ ሰጡኝ፤ እሱን ግን ሥጋ ወደሙ ፊት ዋሽተሃል ብለው በየቀኑ መቶ መቶ አሰገዱት።»

«እኔ እኮ እትየ፣ እስከ ዛሬ በእኔ ላስቲክ ነው እያልኩ ስብሰለሰል ነው የኖርኩት።»

«የምን ላስቲክ?» አሉኝ ግራ ገብቷቸው። ከዚያ ድንኳኑ እንደገና በሳቅ ሲሞላ ቀና ብለው ሰዎቹን አዩ፤ ዝም በሉ ይሏቸዋል ብዬ ነበር፤ አላሏቸውም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ያን ቀን ቤት ስንገባ ተቆጣሁት» አሉኝ። «ሰጋቱራው አንሶህ፣ ውሸትም ጨመርክበት? አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እኔን ለምደውኛል የሺ፤ አንቺ ላይ ግን እኔ እያለሁ አይስቁም።›»